አመፁን ወጣቶቹ አነሱት፣ ምርጫውን ኢስላማዊ ፓርቲዎች ወሰዱት፤ ግብፅ ላይ ምንድን ነው የሆነው?

ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የሴሚናር ወረቀት አለብኝ። ርዕሱ ከ2011 የአረብ አመፅ በኋላ ኢስላማዊ ፓርቲዎች እንዴት ወደ ሥልጣን እንደመጡ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።)

ቁጥሩን ይዣለሁ። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ፌብሩዋሪ 11፣ 2011 ወረደ። ዓመት ሳይሞላ የፓርላማ ምርጫ ተጀመረ። ከ498 ወንበር 235 ገደማውን የሙስሊም ወንድማማቾች ፓርቲ የመራው ጥምረት ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው በሰለፊዎቹ (ሃይማኖቱን ጠበቅ አድርገው በሚይዙት) አል ኑር ፓርቲ የሚመራው ስብስብ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ 70 ያልፋሉ። ካይሮ መሃል፣ ታህሪር አደባባይ ላይ ድንኳን ጥለው ያደሩት ወጣቶች የገቡበት ጥምረት ደግሞ አስር ወንበር እንኳን አልሞላም።

ያልገባኝ መሃሉ ነው። መምህራችን "አብዮቱ ተሰረቀ" ይላሉ። አጎቴ ደግሞ "ምኑ ይሰረቃል፣ ሕዝቡ ድሮም የፈለገው እነሱን ነው" ባይ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ በዚህ ተጨቃጭቀን እናቴ ናት የገላገለችን። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም፣ ግን መልስ የለኝም።

ትንታኔውን ከመጽሐፍ አገኘዋለሁ። እዚያ የነበረ ሰው ካለ ግን በናታችሁ በዓይኑ ያየውን ይንገረኝ።

ከማዓዲ የተመለሰች

እኔ ነበርኩ። ከ2009 እስከ 2013 መጨረሻ ካይሮ፣ ማዓዲ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት እየሠራሁ ኖሬያለሁ። ፖለቲካ አልተማርኩም። ግን የምሠራበትን ሕንፃ ደረጃ አራት ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ለእኔ ያ ምርጫ እዚያ ደረጃ ላይ ነው ያለቀው።

አራተኛ ፎቅ ማዳም፣ ጡረታ የወጣ ባሏና ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጃቸው አሉ። ታች፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ በረኛው ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል። በረኛን እነሱ ባዋብ ነው የሚሉት። ባዋብ ዘበኛ ብቻ እንዳይመስልህ። መኪና ያጥባል፣ ሱቅ ይላካል፣ የማን ቤት ማን እንደገባ ያውቃል። የኛው ሚንያ ከሚባል ከደቡብ ግብፅ የመጣ ነው። ማንበብ አይችልም።

አብዮቱ የአራተኛ ፎቅ ነበር። ልጁ ከጃንዋሪ 28 ጀምሮ ታህሪር አደረ። ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለነበር ማዳም ሳሎን ውስጥ ስትንቆራጠጥ ነጋባት፣ እኔም አብሬያት። ባዋቡ ግን አልሄደም። ፖሊስ ከከተማው ብን ብሎ ጠፍቶ ነበርና ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ዱላ ይዞ በር ላይ ያድራል። ሙባረክ የወረደ ሌሊት ልጁ ባንዲራ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ባዋቡ አቅፎ ሳመው። የምር ደስ ብሎት ነበር፣ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያው "አሁን ስኳር ይረክሳል?" ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወር ሲያልቅ ከማዳም ጓዳ ስኳር እየቆነጠርኩ ለሚስቱ የማወርደው እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። የባዋቡ ትንሿ ልጅ አስም አለባት። ሲያፍናት የሚወስዷት ከሜትሮው ሐዲድ ማዶ፣ መስጊድ ሥር ወዳለ ክሊኒክ ነው። የመንግሥት ሐኪም ቤት ሞክረው ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው የተመለሱት። ክሊኒኩ በጥቂት ፓውንድ ያያታል። ገንዘብ ከሌላቸው የምትስበውን መድኃኒት በዱቤ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ባልየው ስላልነበረ እኔ ከሚስቱ ጋር ሄድኩ። ሐኪሙ ገና ጎረምሳ ነው። ጺሙ አጠር ያለ፣ ሸሚዙ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ። ልጅቷን በስሟ ጠራት። እናትየዋን ደግሞ እንደ ወጋቸው በበኩር ልጇ ስም፣ "የእገሌ እናት" ብሎ ጠራት። በአራት ዓመት ውስጥ ያቺን ሴት እንዲያ ብሎ ሲያከብራት ያየሁት ብቸኛው የተማረ ሰው እሱ ነው። ማዳም መጥፎ ሴት አልነበረችም፤ እሷም ግን "አንቺ" ነበር የምትላት።

ሐኪሙ የኢኽዋን ሰው ነው። ኢኽዋን ማለት እኛ ሙስሊም ወንድማማቾች የምንላቸው ናቸው። ያኔ ክልክል ቢሆኑም ማን እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በ1928 ኢስማዒሊያ ላይ የተመሠረተ ድርጅት ነው። በ1954፣ በናስር ዘመን ታገደ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው እስር ቤትና መስጊድ፣ እስር ቤትና ክሊኒክ ሆነ። ታግዶ እያለ እንኳን በ2005 በግል ተወዳዳሪ ስም 88 ሰው ፓርላማ አስገብቷል። ስለዚህ ሙባረክ ሲወርድ ፓርቲ ከባዶ መጀመር አላስፈለጋቸውም። ያለውን ነገር "ነፃነትና ፍትሕ" ብለው ስም አወጡለት፣ አለቀ።

የምርጫውን ሳምንት ደግሞ ልንገርህ። ኖቬምበር 2011 ነው። ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው ታህሪር አጠገብ፣ መሐመድ ማሕሙድ በሚባለው ጎዳና፣ ወጣቶቹና ፖሊስ ተያያዙ። ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ዓይናቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። ኢኽዋን ምርጫው እንዳይሰናከል ብሎ አባላቱን ሳያወጣ ቀረ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ቤት መጣ። ስካርፉ አስለቃሽ ጭስና ኮምጣጤ ይሸታል። ሦስት ጊዜ አጥቤው አለቀቀም። "ደም እየፈሰሰ ምን ምርጫ አለ፣ አልመርጥም" አለና ክፍሉን ዘግቶ ተኛ።

እሁድ ማታ ቆሻሻ ይዤ ስወርድ ባዋቡ ጠራኝና ከኪሱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። እንዳነብለት ነው። ስሙ፣ የሚመርጥበት ትምህርት ቤትና የመዝገብ ተራ ቁጥሩ ተጽፎባታል። ጥጓ ላይ ሚዛን አለ። ሐኪሙና ጓደኞቹ ክሊኒኩ በር ላይ ላፕቶፕ ዘርግተው፣ የሰውን መታወቂያ እያዩ ለመጣ ሁሉ የሚሰጧት ወረቀት ናት። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ምልክት አለ፤ የነሱ ሚዛን ነው። "ያልመረጠ 500 ፓውንድ ይቀጣል ተብሏል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ መንግሥት እንዲያ ብሎ ነበር። 500 የወር ደሞዙ ነው። "የት ሄጄ እንደምመርጥ የነገረኝ ሰው የለም። እነዚህ ናቸው የነገሩኝ።"

ቀና ስል ላይ በረንዳው ላይ ያሰጣሁት ስካርፍ ይወዛወዛል።

ሚዛኑን መረጠ። አጎትህ "ሕዝቡ የፈለገው እነሱን ነው" ካለህ፣ የኛ ባዋብ የፈለገው ስኳርና የልጁን መድኃኒት ነው በለው። መምህራችሁ "ተሰረቀ" ካሉ ደግሞ፣ ሌባ ጠረጴዛ አውጥቶ በር ላይ ቁጭ አይልም።

የቀረውን ባጭሩ። ለፕሬዚዳንትነት አንወዳደርም ያሉት ሰዎች በ2012 ተወዳደሩ። ኸይረት አል ሻጢር የሚባለው ዋና እጩአቸው ሲሰረዝባቸው መሐመድ ሙርሲን ተኩ። ግብፆች ቀልድ መቼ ያልቅባቸዋል፣ "ስኮርታ ጎማ" ብለው ስም አወጡለት። በሁለተኛው ዙር ከሙርሲ ጋር የቀረው አሕመድ ሻፊቅ ነው፤ የሙባረክ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር። ማዳም ሻፊቅን መረጠች። ልጁ ሙርሲን። "ሎሚ ጨምቄበት ነው" አለኝ። የማይዋጥ ነገር ላይ ሎሚ ጨምቀህ ዓይንህን ጨፍነህ ትውጣለህ፣ እንዲያ ነው ነገሩ። ያን ዓመት እንደሱ የመረጡ ብዙ ስለነበሩ "ሎሚ ጨማቂዎች" የሚባል ስም ወጥቶላቸዋል። ሙርሲ 51.7 ከመቶ አግኝቶ አለፈ። ኖቬምበር 22 ላይ የኔን ውሳኔ ፍርድ ቤት አይሽረውም ብሎ ሲያውጅ ሎሚውም አልረዳ አለ። ልጁ ተመልሶ አደባባይ ወጣ።

ባዋቡን ያስኮረፈው ግን አዋጁ አይደለም፤ ሰምቶት መኖሩንም እጠራጠራለሁ። መብራት ነው። በ2013 በጋ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። ሊፍት ሲቆም የአምስተኛ ፎቅ አሮጊት ዕቃ በጀርባው ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ጋዝ ሲሊንደር ጠፋ፣ ቤንዚን ማደያ ላይ ሰልፉ መንገድ ዘጋ። ታማሩድ የሚባሉት ልጆች ሙርሲ ይውረድ የሚል ፊርማ ሲሰበስቡ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመላቸው። በሚዛኑ ዓመት ጣቱ ላይ የነበረው ቀለም ትዝ አለኝ። ሐኪሙን ግን እስከመጨረሻው ይወደው ነበር። "እሱ ሌላ፣ ፕሬዚዳንቱ ሌላ" ይለኛል።

አጭር ይሁን

ረጅም ነው ግን ጨረስኩት። ምነው ስለ አባይ ዝም አልሽ? ያ የቴሌቪዥን ስብሰባ ጊዜ እዚያው አልነበርሽም?

የሸዋ በር ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። ያቺ "የእገሌ እናት" ያልሻት ላይ አለቀሰች። አላህ ይጠብቅሽ።

አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። ስኳርና ክሊኒክ ብቻ ስታደርጊው ሃይማኖቱን ከውስጡ አወጣሽው። እኔ ደሴ ሆኜ ያን ዓመት አረብኛውን ቻናል ከመግሪብ እስከ ሱብሒ ነው የምከታተለው። ኢኽዋን ማሸነፉ አልገረመኝም። እንዳልሽው 80 ዓመት የተደራጀ ነው። እኔን የገረመኝ አል ኑር ነው። ሰለፊዎቹ ከአብዮቱ በፊት ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ብዙ ሸይኾቻቸው ምርጫ የኛ መንገድ አይደለም እያሉ ነው ያስተማሩት። ጃንዋሪ ላይ እቤታችሁ ተቀመጡ ያሉም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ፓርቲ ባቋቋሙ በወራት ውስጥ ከአራት መራጭ የአንዱን ድምፅ አገኙ። ይሄ ዳዕዋ፣ የሃይማኖት ስብከት ነው። ሙባረክ ፖለቲካ እስካልነኩ ድረስ የሳተላይት ጣቢያ ከፍተው እንዲያስተምሩ ይተዋቸው ነበር። ሰው ለዓመታት ሳሎኑ ውስጥ ሲሰማቸው የኖረውን ሸይኽ አመነ። ምልክታቸው ራሱ ፋኖስ ነው። ግብፅ ውስጥ ረመዳን ሲገባ ሕፃን ሁሉ የሚያንጠለጥለው ፋኖስ! የመረጠላቸው ሰው ብልጥ ነው።

(ሕጉ በየዝርዝሩ ሴት እጩ እንዲኖር ያዝ ነበር። የሴቷን ፎቶ ማውጣት ስላልፈለጉ ፖስተሩ ላይ በቦታዋ አበባ ያደረጉበት አካባቢ አለ። ሳቅሁም፣ አፈርኩም።)

ጠያቂው ወንድማችን ደግሞ "ኢስላማዊ ፓርቲዎች" ብለህ ሁሉንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ከትተሃቸዋል። ጁላይ 3፣ 2013 የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሲሲ ሙርሲን ማውረዱን ሲያነብ ከበው ከተቀመጡት ሰዎች መሃል የአል ኑር ሰው አለ። ከትልቁ የአዝሀር መስጊድ ሸይኽና ከኮፕቶቹ ፖፕ ታዋድሮስ ጋር! አንዱ ኢስላማዊ ፓርቲ ሲወርድ ሌላው እያጀበ ነበር። "አብዮት ባለበት ሁሉ አሸነፉ" የሚለውም ልክ አይደለም። ሊቢያ በ2012 ለፓርቲ ከተመደበው 80 ወንበር የኢኽዋን ፓርቲ 17 ነው ያገኘው፤ የማሕሙድ ጂብሪል ጥምረት 39።

ወረቀትህ ግብፅ ላይ ብቻ ከቆመ ግማሽ ነው። ቱኒዚያን አምጣ። የኢስላማዊው ፓርቲ መሪ ራሺድ ጋኑሺ ከ20 ዓመት ስደት በኋላ ጃንዋሪ 30፣ 2011 ከለንደን ተመለሰ። ኦክቶበር ላይ ፓርቲው አንናህዳ ከ217 ወንበር 89 አገኘ። አንደኛ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ከሁለት ሃይማኖታዊ ካልሆኑ ፓርቲዎች ጋር ተጋባ። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሐማዲ ጀባሊ ያዘ፤ በአመፅ በወረደው በቤን ዓሊ ዘመን ከ15 ዓመት በላይ የታሰረ ሰው ነው። ፕሬዚዳንቱን፣ መርዙቂን፣ ከሌላው ፓርቲ አደረጉ። ቱኒዚያ ውስጥ ሕዝቡ ለአንናህዳ የሰጠው ትልቁ ዋጋ ይሄ እስሩ ይመስለኛል። ስንት ዓመት የተገረፈ ሰው ሌባ አይሆንም የሚል ግምት ነበር።

ከዚያ በ2013 ሁለት የግራ ፖለቲከኞች በጥይት ተገደሉ። ሹክሪ በልዒድ በፌብሩዋሪ፣ መሐመድ ብራህሚ በጁላይ 25። የብራህሚ ግድያ ሲሲ ሙርሲን ካወረደ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰው አደባባይ ወጣ፣ አንናህዳ ይውረድ አለ። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። የቱኒዚያ ጦር ትንሽ ነው፣ አገር መግዛት አልለመደም። ትልቁ የሠራተኛ ማኅበር ግን ጠንካራ ነው። ማኅበሩ ከአሠሪዎች፣ ከጠበቆችና ከሰብአዊ መብት ሊጉ ጋር ሆኖ አሸማገለ። የኛ አገር ሽማግሌ ዛፍ ሥር እንደሚያደርገው ማለት ነው፣ ወራት ፈጀባቸው። ጃንዋሪ 2014 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፣ አንናህዳ መንግሥቱን ለቀቀ። ማንም አላሰረውም። ሸምጋዮቹ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ጋኑሺ ካይሮን አይቶ ነው የለቀቀው የሚሉ አሉ። ቢሆንስ? አይቶ የሚማር ስንት ሰው አለ። መጨረሻው ግን አላማረም። በ2021 ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰዒድ ፓርላማውን አገደው። በ2023 ጋኑሺን በሰማንያ ምናምን ዓመታቸው አሰሯቸው።

ከማዓዲ የተመለሰች

የሸዋ በር ልጅ፣ ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ስለ ሰለፊዎቹ ልክ ነህ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ አልታዩኝም ነበር። አርብ እረፍቴ ስለሆነ ከሐበሾቹ ጋር ቡና ለመጠጣት አርድ ኤል ሊዋ እሄዳለሁ፤ እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ፋኖሱ ከየግድግዳው ያየኝ ነበር። ማዓዲ ግን ብዙም የለም። ባዋቡንም በደንብ ካሰብኩት፣ ሐኪሙን ያመነው መድኃኒት ስለሰጠው ብቻ አይደለም። ለሱብሒ ሶላት አንድ ሰልፍ ላይ አብረው ይቆማሉ። እሱን ሳልጽፍ ቀረሁ።

አባይን የጠየቅከኝ፣ እሺ። አውቄ ነው የዘለልኩት፣ ሳስታውሰው አሁንም ይከብደኛል።

ሰኞ፣ ጁን 3፣ 2013። ኢትዮጵያ የአባይን አቅጣጫ ካስቀየረች ሳምንት እንኳን አልሞላም። ማዳም እንግዶች አሏት፣ እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙርሲ ፖለቲከኞቹን ሰብስቦ ያወያያል። ስብሰባው በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን ተሰብሳቢዎቹ አያውቁም። አንዱ አማፂዎቻቸውን እንርዳ፣ ካልሆነም ግድቡን እናፍርሰው ይላል። እሱ የአል ኑር መሪ ዩኑስ መኽዩን ነው። ቀጠለና አይመን ኑር፣ የሊበራሎቹ ሰው፣ ግብፅ የጦር አውሮፕላን ልትገዛ ነው የሚል ወሬ እናስወራ ይላል። ልብ በል፣ በሌላው ነገር ሁሉ ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሰዎች ናቸው። ጺም ያለውም የሌለውም አባይ ላይ ሲደርስ አንድ ሆነ። ግብፅን ኢስላማዊ ፓርቲ ስለያዛት ነው ኢትዮጵያ ላይ የዛተችው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያ ሳሎን ነው ትዝ የሚለኝ። ሻፊቅን የመረጡት የማዳም እንግዶች ናቸው ጮክ ብለው ያጨበጨቡት። ከዚያ አንዷ ዞር ብላ አየችኝና ማጨብጨቧን አቆመች። ማዳም "ስኒዎቹን አንሺ" አለችኝ።

በሳምንቱ ሙርሲ ራሱ ወጥቶ ከአባይ አንዲት ጠብታ ብትጎድል ደማችን ይተካታል አለ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ከየት ነሽ ስባል ከኤርትራ ነኝ እላለሁ። እዋሻለሁ። ባዋቡ ግን ከየት እንደሆንኩ ያውቃል። ደረጃው ላይ መኪና ማጠቢያ ባልዲውን ይዞ ቆሞ "ውሃ ልትዘጉብን ነው አሉ?" አለኝ። ፊቱን አየሁት፣ እየቀለደም እየፈራም ነው። "ላንተማ እኔ ራሴ በጆግ አመጣልሃለሁ" አልኩት። ሳቀ። ሚስቱ ግን ለጥቂት ቀን አልሳቀችልኝም።

ራቢዓ አደባባይ የተቀመጡትን የሙርሲ ደጋፊዎች የጸጥታ ኃይሎች የበተኑ ቀን፣ ኦገስት 14፣ ከቤት አልወጣንም። ከ800 በላይ ሰው ነው በአንድ ቀን ያለቀው። ልጁ፣ ያ ሙርሲ ይውረድ እያለ ሲጮህ የነበረው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ግድግዳ ሲያይ ዋለ። አባቱ "የፈለጋችሁት ይሄንን አልነበር?" አለው። መልስ አልሰጠም። ሐኪሙን ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ክሊኒኩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ።

የስድሳ ስድስት ሰው

ልጄ፣ የመምህራችሁ "ተሰረቀ" የሚለው ቃል ለኔ እንግዳ አይደለም። በ1966 በኛው አቆጣጠር ታክሲ ነጂው አድማ መታ፣ አስተማሪው ወጣ፣ ተማሪው ወጣ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሙ እኩልነት ብሎ አዲስ አበባን ሞላት፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አብሬ ተሰልፌያለሁ። አገር በሙሉ ጎዳና ላይ ነው። ፓርቲ የሚባል ግን የለም። የተደራጀው፣ ሬዲዮ መገናኛ ያለው፣ አዛዥና ታዛዥ ያለው ወታደሩ ነው። ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቋመ፣ መስከረም ላይ ንጉሡን በቮልስ ወሰዷቸው። ግብፅ ኢኽዋን ነበራት፣ እኛ ያም አልነበረንም።

እህታችን፣ ስለ ፋኖሱና ስለ ሚዛኑ የጻፋችሁት ወረቀቱ ላይ ይግባለት። እኛም የምርጫ ምልክት ስንት ነገር እንደሚሠራ በ97 አይተናል።

ሦስተኛ ዓመት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቮልሷን ነገር አያቴም ሁሌ ይነግሩናል። ወረቀቱን ከግብፅና ከቱኒዚያ አወዳድሬ ልጽፈው ነው፤ የሸዋ በር ልጅ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበሩ በውስጥ መስመር አስቸግርሃለሁ። አጎቴን አስነብቤው "ሴትየዋ ልክ ናት፣ አንተ ግን ልክ አይደለህም" አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

እትዬ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ባዋቡ በኋላ፣ በ2014ቱ ምርጫ፣ ሲሲን መረጠ?

ከማዓዲ የተመለሰች

እትዬ አልከኝ? ገና አርባ አልሞላኝም እኮ።

ያኔ እዚህ አዳማ ገብቼ ነበር። ማዳም ጋ ለሰላምታ ስደውል ስልኩን ታች አውርዳ ሰጠችልኝ። ሜይ መጨረሻ ነው። ምርጫው ሁለት ቀን ነበር የተባለው፣ ሰው ስላልወጣ ሦስተኛ ቀን ጨመሩበት። ያልመረጠ 500 ፓውንድ ይቀጣል የሚለውንም እንደገና አወሩት። መጀመሪያ ስለ ልጅቷ ጠየቅኩት። ደህና ናት፣ መድኃኒቱን አሁን ከፋርማሲ በሙሉ ዋጋ ነው የሚገዛው። ከዚያ "መረጥክ ወይ?" አልኩት።

"አልሄድኩም" አለኝ።

"ቅጣቱስ?"

"በ2011 ጎረቤቴ አልመረጠም። እስካሁን 500ውን ሊቀበለው የመጣ የለም። መኪና እያጠብኩ ነው፣ ማዳም ስልኳን ትፈልገዋለች" ብሎ ዘጋው።